በቡጣና ሜዳ ትልቅ ዙም አትግዙ

ለረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ የጠመንጃ መነጽር ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዙሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ 24፣ 32፣ 50። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ገዢውም የተሻለ ዕቃ ይዞ የወጣ ይመስለዋል። ውጭ አገር የተኩስ ክበብ አባል የሆኑ ወንድሞቻችንም፣ ከመተማና ከሁመራ እስከ ገዳሪፍ ባለው ቆላ የጠመንጃ ወሬ ሲነሣ ጨዋታ የሚደምቅላቸው ሰዎችም በዚህ ነገር ላይ አንድ ናቸው። ሩቁን ለመምታት ሩቁን ማቅረብ ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ይላሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሞቃትና ሜዳማ በሆነ አገር፣ በተለይም በሱዳን በኸሽም ኤል ቂርባ ዙሪያ ባለው ዓይነት ምድር፣ ከ15 እጥፍ በላይ ያለው ማጉላት አብዛኛውን ቀን ለተኳሹ አይጠቅመውም። ብዙ ጊዜም ይጎዳዋል። የምናገረው ስለ ወረቀትና ስለ ብረት ዒላማ ብቻ ነው፤ በዚህ ድንበር ጠመንጃ በሰው ላይ ያደረሰው ይበቃል።

ኸሽም ኤል ቂርባን ለማያውቅ ሰው ምድሩን ልግለጽለት። ከጎንደር ተራሮች የሚነሣው አትባራ፣ ተከዜያችንን ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት ስሙ ተቀብሎ ወደ ሰሜን ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ቡጣና የሚባለው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። በወንዙ ግራና ቀኝ ጎርፍ የቦረቦረው፣ ካራብ የሚሉት ገደላ ገደል አለ፤ እሱን ካለፉ በኋላ ግን ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው ግድብ ውሃውን አቁሞ፣ የአስዋን ሐይቅ ከዋዲ ሐልፋ ያፈናቀላቸው ኑቢያውያን የሰፈሩበትን የአዲሱን ሐልፋ እርሻ ያጠጣል። ወደ ገዳሪፍ ሲኬድ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት፣ የኛም ሰዎች ለአጨዳ የሚወርዱበት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያ ጥቁር አፈር ከአየሩ እጅግ አብልጦ ይግላል፣ ከላዩ ያለውን አየርም እንደ ምጣድ ያፈላዋል።

ክርክሬ የሚነሣው ከዚህ ነው። የሞቀ አየር የሳሳ አየር ነው፤ ብርሃን በሳሳና በወፈረ አየር መካከል ሲያልፍ ይታጠፋል። ከዒላማው ተነሥቶ ወደ መነጽሩ የሚመጣው ብርሃን በአንድ ሺህ ሜትር መንገዱ ላይ ሲታጠፍና ሲቃና፣ ደግሞ ሲታጠፍ ይመጣል። ሱዳኖች ሰራብ ይሉታል። ሰሊጥ አጭዶ የሚያውቅ ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ከሜዳው ማዶ የሚንቀጠቀጠውን ሐሰተኛ ውሃ አይቶታል። መነጽሩ ዒላማውን ብቻ ለይቶ አያጎላም፤ በመካከል ያለውን የሚፈላ አየርም አብሮ ያጎላል። በ10 እጥፍ ጥቂት የሚወዛወዝ ጥቁር ነጥብ የነበረው፣ በ40 እጥፍ ጠርዝ የሌለው፣ የሚዋኝ ነገር ይሆናል። ተኳሹ ያየው ዒላማ ትልቅ ነው፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም።

በግድቡ ሐይቅ ዳር የውሃ ወፍ ለመቁጠር በተተከለ ባለ ሦስት እግር መነጽር አይቼ አውቃለሁ። ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚሄድ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወዲያኛው ዳር የቆሙት ወፎች እግራቸው ሳይቀር ይለይ ነበር። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በ60 ሳያቸው እግሮቹ ቀልጠዋል፤ አንዱ ወፍ ሁለት ሆኖ፣ ሁለተኛው ተገልብጦ ከሥሩ ይታያል። ወደ 20 ስመልሰው እንደገና የሚቆጠሩ ወፎች ሆኑ። የመነጽሩ ባለቤት የዙሙን ቀለበት 25 ላይ በፕላስተር አሽጎት ነበር። በዚያ ሐይቅ ዳር ብዙ የቆየ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ሊጠቀምበት ስላልቻለ አሽጎ ተወው። የጠመንጃ መነጽርም ያው የሌንስ ዕቃ ነው፤ ቡጣና ላይ ሌላ አየር አይሰጠውም።

አየሩን እንኳ ለጊዜው እንርሳውና፣ ከሌሊት እስከ ንጋት ዝም ያለ ቀዝቃዛ አየር አግኝተናል እንበል። ሌንሱ ራሱ ወሰን አለው። አንድ መነጽር ሁለት ተጠጋግተው ያሉ ነጥቦችን ለይቶ የማሳየት ችሎታው የሚወሰነው በፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው። ዲግሪን ለ3600 ከፍለን አንዷን ክፍል ሰከንድ ብንላት፣ 116ን በሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ስናካፍል ወሰኑን በሰከንድ እናገኛለን። በገበያ ትልቅ የሚባለው 56 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2 ሰከንድ ያህል ይሰጣል። ይህ በ1000 ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የ7.62 ጥይት በወረቀት ላይ የሚተወው ቀዳዳ ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ «በዚህ መነጽር በአንድ ሺህ ሜትር የጥይቴን ቀዳዳ አያለሁ» የሚል ገዢ፣ የብርሃን ሕግ የማይፈቅደውን ነገር በገንዘቡ እየጠየቀ ነው። ጤነኛ ዓይን 60 ሰከንድ ያህል ይለያል፤ 60ን ለ2 ስናካፍል 30 እናገኛለን። ከ30 እጥፍ ግድም በላይ ማጉላት ለዓይን ምቾት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ከሌንሱ ውስጥ አዲስ ዝርዝር አያወጣም። በስልክ ካሜራ ፎቶን በጣት ሲዘረጉት ፊቱ ሰፍቶ ዓይነ ውሃው እንደሚጠፋው ነው። ይህም እንግዲህ ዝም ባለ አየር ነው። የቡጣና አየር ምስሉን በ10 ሰከንድ ቢያወዛውዘው በ1000 ሜትር ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሌንሱ ጥራት ያን ጊዜ ምንም አያድነውም።

የብርሃኑም ሒሳብ አለ። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ለእጥፉ ስናካፍል ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ዘንግ ውፍረት እናገኛለን። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ10 እጥፍ 5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ በ25 እጥፍ 2 ብቻ። በጠራራ ፀሐይ የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ሁለቱም ይበቃሉ። ሲመሽ ወይም ሲነጋጋ፣ ማለትም በዚህ ምድር አየሩ ለተኩስ በሚመችበት ሰዓት፣ ባለ 2ው ምስሉን ያጨልመዋል። ዘንጉ ሲቀጥን ደግሞ ተኳሹ ራሱን በትክክል አንድ ቦታ ላይ ካላደረገ ምስሉ ጥቁር ይሆንበታል። ትልቁ ዙም ይጠቅማል የሚባልበት ሰዓትና ብርሃን የሚነሳበት ሰዓት አንድ ነው ማለት ነው። ይህን የሚነግረው ሻጭ አላጋጠመኝም።

ሩቅ የሚመታው በማጉላት አለመሆኑን ለማወቅ የተኩስን ታሪክ ማየት ይበቃል። የዓለም አቀፉ ተኩስ ፌዴሬሽን የ300 ሜትር ውድድር መነጽር አይፈቅድም፤ የሚተኮሰው በቀዳዳ ማነጣጠሪያ፣ በባዶ ዓይን ነው። በዚያ ዒላማ ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ አለው። አሜሪካዊው ጋሪ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ፣ በ1968ም ሜክሲኮ ላይ በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ ውስጥ በነበረው በዚህ ውድድር ወርቅ ወስዷል። በሜክሲኮው ከ1200 ነጥብ 1157 አገባ፤ ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ። አንድም እጥፍ አልጎላለትም። ፓልማ የሚባለው ጥንታዊ ውድድርም እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ፣ ማለትም እስከ 914 ሜትር ድረስ፣ መነጽር በሌለው ጠመንጃ ይተኮሳል። እነዚህ ሰዎች የሚያሸንፉት ነፋስ በማንበብ፣ እስትንፋስን በመግዛትና ቃታን ሳያናጉ በመሳብ ነው። ከወታደር ዕቃም ብንጠቅስ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1963 ለተቀበሉት ድራጉኖቭ የሠሩት መነጽር 4 እጥፍ ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1988 ያስገቡት ኤም 24 ላይ የነበረው ደግሞ 10። በዚያ ዘመን ከዚያ በላይ ማጉላት የሚችል መነጽር ጠፍቶ አይደለም።

ይህንኑ የአትባራ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 ሲያድንበት የከረመው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም በጠመንጃው ላይ መነጽር አልነበረውም። አብረውት የነበሩት የሐምራን ባለሰይፎች ጭራሽ ጠመንጃ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በፈረስ ተጠግተው ዝሆንን በሰይፍ ቋንጃውን ይቆርጡ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ወደዚያ እንመለስ ለማለት አይደለም፤ ዝሆኑም ፈረሰኛውም አልፈዋል። ነገር ግን በዚህ ሜዳ ሰው ከዒላማው ጋር የሚገናኘው ምድሩን በማወቅ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር መሸሽ አልፈልግም። በካናዳዊው ጆርጅ ፋርኳርሰን የተጀመረው ኤፍ ክላስ የሚባል ውድድር አለ፤ በዚያ መነጽር ተፈቅዷል፣ ጥሩ ጥሩ ተኳሾችም 40 እና 55 እጥፍ ይጠቀማሉ። ያሸንፋሉም። እውነት ነው። ግን ሁኔታውን ልብ በሉ። ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ክብደቱ በአንዱ ምድብ እስከ 8.25 ኪሎ፣ በሌላው እስከ 10 ኪሎ ይፈቀድለታል። ዒላማው አይነቃነቅም፣ ርቀቱ በሜትር ይታወቃል፣ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ የተመታው ቦታ በምልክት ይታያል። ሜዳውም ብዙ ጊዜ ሣር የለበሰ ነው፤ ሣር እንደ ጥቁር ዋልካ አይግልም። ለእንዲህ ያለ ሜዳና ለእንዲህ ያለ ውድድር የሚዘጋጅ ሰው 40 እጥፍ ቢገዛ አልቃወመውም። ሆኖም እነዚያው ተኳሾች ሰራብ ሲበረታ ዙማቸውን ወደ 25 እና ወደ 20 ይቀንሳሉ። ትልቁን ቁጥር በነሱ ምስክርነት የሚሸጥ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት።

«እንግዲያው ትልቁን ገዝቼ ሲያስፈልግ እቀንሰዋለሁ» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ነው፤ ብልህ መልስም ይመስላል። ዋጋው ግን አለው። ከ5 እስከ 50 የሚሄድ መነጽር ከ3 እስከ 15 ከሚሄደው ይልቅ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሌንሶች የበዙና የተወሳሰቡ ናቸው። ገንዘቡ ያው ከሆነ ብሩ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው፤ ከመስታወቱ ጥራት፣ ከሌንሱ ቅባትና ከማስተካከያው መዘውር ይቀነሳል። በ300 ዶላር 50 እጥፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ያየ ሰው መጠርጠር አለበት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ክብደቱም ከ1 ኪሎ በላይ እየሄደ ጠመንጃውን ያስጎነብሳል። ከዚህም ሌላ የሰው ጠባይ አለ፤ 50 የገዛ ሰው በ12 መተኮስ ይከብደዋል። የከፈለበትን ማየት ይፈልጋል፣ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ ከዚያም የራሱ የልብ ምት በማነጣጠሪያው መስቀል ላይ ሲዘል አይቶ ይሸበራል፣ ቃታውንም ይነጥቃል።

ለዚህ ምድር ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ግን የዕይታው መጥበብ ነው። ጥሩ የሚባል ከ5 እስከ 25 እጥፍ የሚሄድ መነጽር በ25 ሲሆን በ100 ሜትር ላይ የሚያሳየው 1.5 ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ በ5 ሲሆን ከ5 ሜትር በላይ ያሳያል። ጥይቱ ሲወጣ ጠመንጃው ይነቀንቃል፣ ጠባቡ ዕይታ ከዒላማው ይወጣል፣ ተመልሶ እስኪገባ ጥይቱ አርፏል። በበጋ የቡጣና አፈር ደረቅና ዱቄት ነው። ጥይት ሲያርፍበት አቧራ ያስነሣል፤ ያ አቧራ ስህተትህ ወዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ይነግርሃል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። በ12 እጥፍ የተኮሰ ሰው አቧራውን ያያል፣ በመስቀሉ ላይ ባሉት፣ ሚል በሚባሉት የመለኪያ መስመሮች ለክቶ ሁለተኛውን ያስተካክላል። በ40 የተኮሰው ግን አቧራው ከዕይታው ውጭ ተነሥቶ ከዕይታው ውጭ ይበተንበታል። «የት ሄደ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። በክረምት ደግሞ ዋልካው ጥይቱን ዝም ብሎ ስለሚውጠው፣ ያ ትምህርት የሚገኘው በበጋ ብቻ ነው፤ በጋው ደግሞ የሰራብ ወራት ነው።

ሰራብን እንደ ጠላት ብቻ ማየትም ስህተት ነው። የሚያውቅበት ሰው የነፋስን ነገር የሚያነበው ከሱ ነው። መነጽሩን ከዒላማው ቀደም ብሎ፣ በመንገዱ መካከል ላይ ሲያተኩረው የሚፈሰው አየር ይታያል፤ ወደ ቀኝ ሲፈስ፣ ወደ ግራ ሲፈስ፣ ወይም ነፋሱ ከፊት ወይም ከኋላ ሲሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲፈላ። ይህ ንባብ ስፋት ያለው ዕይታና መጠነኛ ማጉላት ይፈልጋል። ዙሙ ሲበዛ የሚታየው የአየሩ አካሄድ ሳይሆን ትርምስ ነው።

ታዲያ ገዢው ስለምን ይጠይቅ? እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ መዘውሩ ነው። ረጅም ርቀት ላይ ተኳሹ ከፍታውን የሚያስተካክለው መዘውሩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው፤ መዘውሩ ከዋሸ ዒላማው ይሳታል። ማረጋገጡ ጥይት እንኳ አይጠይቅም። መነጽሩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አጥብቆ ማሰር፣ በትክክል 100 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ የልብስ ሰፊ ወይም የአናጢ ሜትር በቱንቢ አቃንቶ መስቀል፣ መስቀሉን ዜሮ ላይ አድርጎ 10 ሚል ማዞር። አንድ ሚል በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ነውና መስቀሉ 1 ሜትር ላይ መድረስ አለበት። 97 ላይ ከቆመ ስህተቱ ከመቶ ሦስት ነው፤ ይህ በ1000 ሜትር ላይ፣ 10 ሚል ያዞረ ሰው 30 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል ማለት ነው። ከዚያም ወደ ዜሮ መልሶ ያው ቦታ መምጣቱን ማየት፤ ወደ ግራና ቀኝ እያዞሩም አራት ማዕዘን ማስጨረስ። ይህን ፈተና የማያልፍ 50 እጥፍ፣ ይህን ፈተና ከሚያልፍ 10 እጥፍ ጋር ለውድድር አይቀርብም።

ፓራላክስ የሚሉት ሌላው ነው። ራስ ትንሽ ሲንቀሳቀስ መስቀሉ በዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ማስተካከያው ገና አልተገጣጠመም። ይህ የሚስተካከለው ምስሉ ሲጠራ ነው፤ በትልቅ ዙም፣ በሰራብ ውስጥ ምስሉ ስለማይጠራ ተኳሹ ማስተካከያውን እያሽከረከረ ይውላል። የሚሉ መስመሮች ከምስሉ ጋር አብረው የሚያድጉና የሚያንሱበት፣ በፊተኛው ሥፍራ የተሠራ መስቀል ከሆነ በየትኛውም እጥፍ ልኩ አይለወጥም፤ ዙሙን በየሰዓቱ ለሚቀንስ የቆላ ተኳሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ለሚነሣበት አገርም አቧራና እርጥበት እንዳይገባው የታሸገ መሆኑ ሳይጠየቅ አይታለፍ።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ከዕድሜ ገፋ ካሉ ሰዎች የሚመጣ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ አለበት። «አንተ ወጣት ነህ፤ የኔ ዓይን ደክሟል፣ እኔ ትልቁ ያስፈልገኛል» ይላሉ። አባባ፣ የዓይን ድካም በማጉላት አይታከምም። የደከመ ዓይን የሚፈልገው ብርሃንና ጥራት ነው፣ ሁለቱንም የሚሰጠው ዝቅ ያለው እጥፍ ነው። ከዓይን በኩል ያለው የመነጽሩ ጫፍ ይዞራል፤ ለያንዳንዱ ሰው ዓይን መስቀሉን የሚያጠራው እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። መነጽሩን ወደ ጠራ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ያዙት፤ ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ አይሁን። ዓይንዎን ጨፍነው ይክፈቱ፤ መስቀሉ ያን ጊዜውኑ ጥርት ብሎ ካልታየ ጫፉን ጥቂት ያዙሩና እንደገና ይጨፍኑ። ትኩር ብለው አይቆዩ፣ ዓይን ራሱ እየተለማመደ ያታልላልና። በአንድ እይታ ሲጠራ ያቁሙ፣ ቦታውንም በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በ10 ወይም በ12 እጥፍ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ይሞክሩት።